የቀትር ውሃ

የብርሀንነሽ ስልክ ከምድጃው ጋር እንደ ጥጃ ታስሮ ነው የሚውለው። ጉድ በሉ! ሰው ስልኩን በኪሱ ይይዛል፣ ሴት ብትሆን በጉያዋ ትሸጉጣለች፤ እሷ ግን ከአረቄ ምድጃዋ አጠገብ በርጩማ አቁማ፣ ስልኩን በርጩማው ላይ አስተኝታ፣ ክንድ በማትሞላ ሽቦ ከእሳቱ ጋር አቆራኝታዋለች። ሽቦው ከተነቀለ አፍታ አይቆይም። ባትሪው ካበጠ ከርሟል፣ ክዳኑን ገፍቶ ስለወጣ በጎማ ክር ነው የታሰረው። መካነ ሰላም መብራት ካየች ወር አልፏታል፤ መጀመሪያ ነገ ይመጣል ተባለ፣ ከዚያ ምሰሶ ወድቆ ነው ተባለ፣ ከዚያ ማንም ምንም ማለት ተወ። በጄኔሬተር ስልክ ቻርጅ የሚያደርገው ባለሱቅ መንገዱ ከተዘጋ ወዲህ ነዳጅ አጥቶ ሱቁን ቆልፏል። ሶላር ያላቸው ጥቂት ሰዎችም የሐምሌ ጉም ጣራቸው ላይ ተኝቶባቸው ሽቅብ እያዩ ከማማረር በቀር ያተረፉት የለም። በአሥር ብር ትሸጥ የነበረች ሻማ አርባ ገብታለች፣ እሷም ከተገኘች ነው። እንግዲህ በዚህ ሁሉ ጨለማ መሀል የአንዲት አረቄ አውጪ ስልክ ሳይጠፋ ይውላል ቢባል ማን ያምናል?

ብልሃቱን ያመጣው ዋለ ነው፣ የሟች ባሏ የአወቀ ታናሽ ወንድም። ቴክኒክ ኮሌጅ ያስተምር ነበር፤ ትምህርቱ ከተቋረጠ ወዲህ እጁን አጣጥፎ መቀመጥ ስላልሆነለት የሰው ቤት የተበላሸ ዕቃ ሲፈታ ይውላል። ከአንድ ሆቴል ከተጣለ የውሃ ማቀዝቀዣ ውስጥ ብስኩት የምታክል ነጭ ሰሌዳ አገኘ፤ ሌላም ፈለገ፣ አራት ሞላለት። አራቱን ከምድጃዋ የብረት ጎን ላይ ለጠፋቸው፣ በላያቸው አፉ የተቆረጠ አራት ማዕዘን የዘይት ቆርቆሮ አስደግፎ ውሃ ሞላበት፣ ሽቦዎቹን ወደ አንዲት ትንሽ ሳጥን አስገባ። ሳጥኗ ላይ ቀይ መብራት ቦግ ስትል ብርሀንነሽ ወደኋላ ዘልላ ድፍድፉን ልትደፋው ነበር። «እታለም፣ ምንም አስማት የለውም» አላት። «ይቺ ሰሌዳ በአንድ ፊቷ ስትሞቅ በሌላው ፊቷ ስትቀዘቅዝ መብራት ታመነጫለች። ሙቀቱ ወደ ቀዝቃዛው ሲሻገር ነው የምትሠራው። ሁለቱም ፊቷ እኩል ከሞቀ በድን ናት።» ዋለ ነገር ሲያስረዳ እጁም አያርፍ፣ አፉም አይዘጋ። አንቺ ከምታነጅው እንጨት ግማሹ የሚያሞቀው ግድግዳውን ነው አላት፤ የዳቦ ቤቱ ምድጃ፣ የአይሱዙው ጭስ ማውጫ፣ የጡብ እቶኑ፣ ሁሉም የሚያሞቁት ሰማዩን ነው፤ ያን የባከነ ሙቀት የሚሰበስብ ቢኖር ይቺ ከተማ ማንንም ለምና አታውቅም ነበር አለ። ከምን እንደተሠራች ሲጠየቅ ቢስሙት ከሚባል ማዕድን ነው፣ ሌላም ተቀላቅሎበት ብሎ መለሰ። እናቱ እቴቴ ከመደባቸው ላይ ሆነው «ቢስ፣ ሙት! አሜን፣ ቢስ ይሙት!» አሉ መቁጠሪያቸውን ከፍ አድርገው። ጎረቤታቸው ጠይባ ደግሞ ቢስሚላህ ነው እንጂ ያለው ብላ ሽንጧን ይዛ ተከራከረች። ዋለ ሊያርማቸው አፉን ከፈተና ተወው። በሁለት ወገን የተመረቀ ማዕድን ምን ይጎድልበታል ብሎ ይሆናል።

ነገሩ ግን የቀልድ አልነበረም። ሰኞ ጠዋት ይህ ስልክ ጮኾ ብርሀንነሽ ስታነሳው የሰማችው የልጇን የየኔአለምን ሹክሹክታ ነው። የኔአለም ሪያድ ሰው ቤት ከገባች ሁለት ዓመቷ ነው። የምትናገረው መታጠቢያ ቤት ተደብቃ፣ ድምጿ እንዳይሰማ ውሃ ከፍታ፣ የአሠሪዋ ልጅ ረስታው በሄደችው ስልክ ነበር። «እማ፣ ዝም ብለሽ ስሚኝ» አለች። «ፓስፖርቴን ይዘውብኛል፣ በላዬ ላይ ይቆልፋሉ። ሰውዬው ማታ ማታ በሬን ይገፋል። እስካሁን ቁም ሣጥን አስደግፌ አድሬያለሁ። ዐርብ ስድስት ሰዓት ላይ ወንዶቹ ለጁምዓ ይወጣሉ፣ እመቤቲቱ ትተኛለች። ቁልፉ የት እንደሚቀመጥ አይቻለሁ፣ እወጣለሁ። የምሄድበት ግን የለኝም። በቃሌ የማውቀው ያንቺን ቁጥር ብቻ ነው። ይህን ስልክ ደብቄ አቆየዋለሁ፤ ከበር ስወጣ እደውላለሁ፣ ወዴት እንደምሄድ ንገሪኝ።» የሰፈሩን ስም ነገረቻት፣ ከዚያ የሚፈስሰው ውሃ ድምፅ ብቻ ቀረ፣ ከዚያ እሱም ተዘጋ።

ብርሀንነሽ ነጠላዋን ሳታነሳ ወደ ጠይባ ቤት ሮጠች። የጠይባ ልጅ ሃሩን እዚያው ሪያድ ሹፌር ነው፤ ከብርሀንነሽ ቤት ያደገ ልጅ ነው ማለት ይቻላል፣ ጾም ይሁን ፍስክ እየጠየቀ ነበር የሚበላው። ጠይባ ስልኳ ውስጥ በቀረው ጭላጭ ደወለችለት። ሃሩን ሰፈሩን ያውቀዋል። ከበሩ ወጥታ ቀኟን ትያዝ፣ ሁለተኛው መታጠፊያ ላይ አረንጓዴ ምልክት ያለው ፋርማሲ አለ፣ ነጭ መኪና ይዤ እዚያ እቆማለሁ አለ። አንድ ነገር ግን አስጠነቀቀ፤ በዚያ አካባቢ ከሰው ቤት በሚጠፉ ልጆች ላይ የሚያደቡ ደላሎች አሉ፣ የኛው አገር ሰዎች፣ አማርኛቸው ማር ነው፣ በመኪና ጭነው የሚሸጡ፤ የማንም መኪና ውስጥ እንዳትገባ አለ። ይህን ብሎ ሳይጨርስ የጠይባ ስልክ ጠፋ፣ ከዚያ ወዲህ ብርሀንነሽ ሽቦ ላይ ቢሰኩትም አልበራም፤ የሃሩንን ቁጥር ደግሞ በቃሉ የያዘ የለም። ስለዚህ ብርሀንነሽ ሳምንቱን ሙሉ ያን አቅጣጫ እንደ ውዳሴ ማርያም ስትደግመው ሰነበተች፤ በቀኝ፣ ሁለተኛው መታጠፊያ፣ አረንጓዴ ምልክት። ዐርብ ስድስት ሰዓት ይህ ስልክ ከጠፋ ልጇ ወዴት እንደምትዞር ሳታውቅ መንገድ መሀል ትቆማለች። ተመልሶ መግባትም የለ፣ የወጣችበት በር አንዴ ከተከፈተ የሚጠብቃት ሞት ነው።

ዐርብ ማለዳ ዋለ ለለቅሶ ወደ ገጠር ወረደ። የእናቱ የአጎት ልጅ ሞቶ ነው፣ ቀብር ደግሞ አይቀርም፤ በዚያ አገር ለቅሶ የቀረ ሰው የራሱን ሬሳ የሚሸከምለት አያገኝም። ከአምስት ሰዓት በፊት እመለሳለሁ ብሎ ማለ። ሲወጣ ከበሩ ሦስቴ እየተመለሰ ያንኑ ነገር ደገመው፤ «ውሃው እጅ ሲያቃጥል በጣሳ እየቀዳሽ ድፊው፣ ቀዝቃዛ ሙዪበት። እሳት አታብዢ። ሰሌዳዋ ከጋለች ውስጧ ያለው ብየዳ ቀልጦ ትሞታለች፣ ሌላ የለኝም።» ብርሀንነሽ ገብቶኛል፣ ሂድ አለችው። ገብቷትም ነበር። ያላሰበችው ቀኑን የሚያበላሽ ሌላ ነገር መኖሩን ነው።

ቤቱ አንድ ክፍልና አንድ ጓዳ ነው። ክፍሉ ውስጥ የእቴቴ መደብ፣ የየኔአለም የትምህርት ቤት ፎቶ፣ ከልጅቷ የመጀመሪያ ደመወዝ የተገዛ ቡፌና በውስጡ ማንም ያልጠጣባቸው ብርጭቆዎች አሉ። ጓዳው የአረቄ ነው፤ ምድጃው፣ ጋኑ፣ መቃው፣ የጌሾው ከረጢት፣ ጥላሸት የጠጣው ግድግዳ። እቴቴና ብርሀንነሽ ምራትና አማት ሆነው በዚህ ቤት አንድ ላይ ይኖራሉ፣ አይጣሉም፣ አይጫወቱም። ብይ፣ ጠጪ፣ በሩን ዝጊ፣ እግዜር ይስጥልኝ፤ አለቀ። ምክንያቱን አገር ያውቀዋል። ቀትር ላይ ሙቅ ውሃ ደጅ አይደፋም። ይህን የማይል በመካነ ሰላም የለም፣ እስላሙም ክርስቲያኑም። በቀትር የሚወጡ አሉ፣ ስማቸውን መጥራት አያስፈልግም፤ ልጆቻቸውን በሰው ደጅ ያስተኛሉ፣ ሙቅ ውሃ ያፈሰሰባቸውን ቤት ይመታሉ። ብርሀንነሽ የኔአለምን ባረገዘችበት ዓመት፣ ገና ሙሽራ ሳለች፣ ጋን ያጠበችበትን የፈላ ውሃ ቀትር ላይ ደጅ ደፋች። በሳምንቱ አወቀ አፉ ተጣመመ፣ ግማሽ ጎኑ አልታዘዝ አለ፣ ዓመታት አልጋ ላይ ቆይቶ ሞተ። ሐኪሙ ደም ግፊት ነው አለ። እቴቴ ምንም አላሉም። አንቺ ነሽ የጎዳሽው ብለዋት ቢሆን ትጣላቸው፣ ታለቅስ፣ ሽማግሌ ገብቶ ይታረቁ ነበር። ያልተባለ ነገር ግን በምን ይታረቃል? ብርሀንነሽም በልቧ እኔ ነኝ እንደምትል እግዜር ነው የሚያውቀው።

ረፋድ ላይ ነገሩ ደህና ሄደ። እሳቱ በልኩ ይነዳል፣ ቀይዋ መብራት በርታለች፣ ቆርቆሮው ውስጥ ያለው ውሃ ለብ ሲል ብርሀንነሽ በጣሳ እየቀዳች ከደጅ ትደፋለች፣ ከጣራ ጠብታ የተጠራቀመ ቀዝቃዛ ትሞላለች። አራት ሰዓት ሲያልፍ እቴቴ ከመደባቸው ላይ «ቀኑ ገፍቷል፣ ከእንግዲህ ደጅ አይደፋም» አሉ። ጉም ስለነበረ ፀሐይ የት እንደደረሰች የሚያውቅ የለም፤ ቀትር መቼ ገብቶ መቼ እንደሚወጣ በማይታወቅበት ቀን ደግሞ ቀኑ ሙሉ ቀትር ነው። ብርሀንነሽ አልተከራከረችም። ሙቁን ውሃ ወደ ሳፋ ገለበጠች፣ ሳፋው ሲሞላ ወደ ባልዲ፣ ባልዲው ሲሞላ ወደ እንስራ፣ ከዚያ ወደ ማሰሮዎች። አምስት ሰዓት ላይ ቤቱ ውስጥ እግር ማሳረፊያ እስኪጠፋ የሞቀ ውሃ ሆነ። ብርሀንነሽ ጣሳዋን ይዛ መሀል ቆማ ዙሪያዋን አየች። የቀራት ዕቃ የቡፌው ብርጭቆ ነው።

ጠይባ የገባች ያኔ ነው፣ ዣንጥላዋን እያራገፈች። ለሰው ጭንቀት መድኃኒቱ ወሬ ነው ብላ የምታምን ሴት ናት፤ የእንጨት ሸክም ስንት እንደገባ፣ ዘይት ከኩታበር በበቅሎ መጣ ተብሎ ሲሸጥ እንዳየች፣ ውሃ እንደተቀላቀለበት ሳይቀር አወራች። ሁሉንም የምታወራው ዓይኗን ከስልኩ ላይ ሳትነቅል ነው። «ዋለስ?» አለች በመጨረሻ። አልመጣም ተባለች። «ወንዙ ሞልቶበት ይሆናል። አብሽሪ፣ አላህ ያውቃል» አለች፣ ግን የዣንጥላዋን እጀታ እንደጨበጠች አልለቀቀችውም። ድፍድፉ ይንቶከቶካል፣ መቃው ጫፍ ላይ አረቄው ጠብ ጠብ ይላል፣ ከወዲያ ማዶ ነጎድጓድ ይሁን ሌላ ያልለየለት ድምፅ አልፎ አልፎ ይሰማል። ብርሀንነሽ በሆዷ ያልደረሰችበት የለም። ልጇ ተይዛ ይሆናል፤ ቁልፉን ቀይረውት ይሆናል፤ ሰውዬው ዛሬ ራሴን አሞኛል ብሎ ጁምዓ ቀርቶ ይሆናል። የፈሩት ይደርሳል የጠሉት ይወርሳል የሚባለውን ተረት ከልጅነቷ ጀምሮ ትጠላው ነበር፣ ዛሬ ግን ከአፏ አልወጣ አላት።

ለስድስት ሰዓት ሩብ ጉዳይ ሲሆን ቀይዋ መብራት ደበዘዘች። ብርሀንነሽ ጣቷን ቆርቆሮው ውስጥ ነከረች፣ አቃጠላት። ውሃው ሊፈላ ምንም አልቀረውም። የምትገለብጥበት ዕቃ የለም፣ ደጁ ደግሞ ቀትር ነው። ጭንቀት ሰውን ያሰክራል፤ ዋለ የነገራትን ሁሉ እያወቀች፣ እጇ ግን ከልጅነቷ የሚያውቀውን ሥራ ሠራ። እሳት ሲደክም እንጨት ይጨመራል፤ ጨመረች። መብራቷ እንደ መጠንከር አለችና ከበፊቱ ይልቅ ደበዘዘች። ሌላ ጨመረች። ጠይባ «ኧረ ውሃው! ውሃው ነው እኮ ያለው ልጁ!» ብላ ጮኸች። ስልኩ ጢጥ አለና ጠፋ። መብራቷም ጠፋች። ብርሀንነሽ ጣሳውን ወደ ቆርቆሮው ሰደደች፣ የሚፋጀውን ውሃ ቀዳች፣ ወደ በሩ ሮጠች፣ ደፉ ላይ ስትደርስ እግሯ ቆመ። በቃ፣ ቆመ። ደጁ ጭር ብሏል፣ ጉሙ እስከ አጥሩ ወርዷል፣ ከሩቅ አዛን ያለ ድምፅ ማጉያ በባዶ ጉሮሮ ይሰማል። አንዱን በዚህ ደጅ አጥቻለሁ፣ ሁለተኛዋንም በገዛ እጄ ልደፋት ነው ብላ አሰበች፤ ውሃው እግሯ ላይ ይንጠባጠባል፣ አላወቀችውም።

ጣሳውን ከእጇ የነጠቋት እቴቴ ናቸው። ከመደብ እንዴት እንደወረዱ ያያቸው የለም። ነጠላቸውን አደግድገው ደፉ ላይ ቆሙና ወደ ጉሙ ተናገሩ፣ ለጎረቤት እንደሚናገሩ፣ ሳይለማመጡም ሳይቆጡም። «ስሙኝ፣ እናንተ የማትታዩ። ልጆቻችሁን ከደጄ አንሡ። የእኔም ልጅ ዛሬ ደጅ ላይ ናት። ምንም ብትሉ እኔን በሉ፣ አሮጊት ነኝ፣ ጠግቤያለሁ።» በስመ አብ ብለው ደፉት። እንፋሎቱ ከጭቃው ላይ ቱፍ ብሎ ተነሣ። ብርሀንነሽ ዓይኗን ጨፈነች። እቴቴ ዘወር ብለው ጣሳውን ደረቷ ላይ ለጠፉባት፤ «ሐኪሙ ደም ግፊት ነው ብሎናል እኮ! ምን ያስቆምሻል? ቅጂ እንጂ!» አሏት። ብርሀንነሽ ስንት ዓመት ስትጠብቀው የኖረችው ነገር እንዲህ በቁጣ ይመጣል ብላ አስባ አታውቅም ነበር። ለማልቀስ ጊዜ አልነበራትም። ቀዳች፣ እሳቸው ደፉ፣ ቀዳች፣ ደፉ፣ ጠይባ ከደጅ ቀዝቃዛ እያመላለሰች ሞላች፣ ከምድጃው የሚነደውን እንጨት በእጇ ጎትታ አወጣች። ቀይዋ መብራት አንዴ ብልጭ አለች፣ ጠፋች፣ እንደገና በራች። ስልኩ ሲበራ የሚያሰማውን ያን የተለመደ ዜማ አሰማ። ስድስት ሰዓት ከሰባት ይላል።

ወዲያው ጮኸ። ብርሀንነሽ ሽቦው እንዳይነቀል ምድጃው ስር ተንበርክካ፣ ፊቷ ለእሳቱ ተሰጥቶ አነሣችው። «እማ! የት ጠፋሽ? ሦስቴ ደወልኩ» አለች የኔአለም፤ ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ ይላል። ከበሩ ወጥታለች፣ አጥሩ ጥግ ቆማለች። ብርሀንነሽ አቅጣጫውንም የሃሩንን ነጭ መኪናም ነገረቻት፣ አንድም ሳትሳሳት። «እየሄድኩ ነው። እማ፣ እንዳትዘጊው። ብቻዬን አልችልም፣ እግሬ እምቢ አለኝ። ዝም ብለሽ አውሪልኝ።» ምን ታውራላት? ሰው በእንዲህ ያለ ሰዓት ቁም ነገር አይመጣለትም። የእንጨት ዋጋ ነገረቻት። ዘይቱ ውሃ እንደተቀላቀለበት ነገረቻት። ቡፌው በር ማጠፊያው እንደተሰበረ፣ ዋለ እሠራዋለሁ ብሎ እንዳልሠራው፣ ሐምሌው እንደከፋ፣ ቤቱ በሙሉ ውሃ በውሃ እንደሆነ ነገረቻት። ከኋላዋ እቴቴ ከምድጃው ወደ ደፉ፣ ከደፉ ወደ ምድጃው ይመላለሳሉ፣ በደፉ ቁጥር ልጆቻችሁን አንሡ ሲሉ ይሰማል። «ያ ማነው?» አለች የኔአለም። «አያትሽ ናቸው። ላንቺ ነው» አለች ብርሀንነሽ። በስልኩ ውስጥ የጫማ ኮቴ ብቻ ቀረ፣ የመኪና ጩኸት፣ ኮቴ። አንድ ወንድ በአረብኛ ሲጣራ ተሰማ። ልጅቷ ትንፋሿን ውጣ ተራመደች። ሰውዬው ሌላ ሰው ነበር የሚጠራው።

«አረንጓዴው ታየኝ» አለች የኔአለም። «እማ፣ ነጭ መኪና ግን ሁለት ነው። ሁለቱም ውስጥ ሐበሻ ነው ያለው። አንደኛው እየጠራኝ ነው።» የሃሩን መኪና ታርጋ ስንት ቁጥር እንደሆነ አልጠየቁም፣ መልኩ እንዴት እንደሆነ የኔአለም አታስታውስም፤ ሃሩን ሲሄድ እሷ ገና ታች ክፍል ነበረች፣ አሁን ደግሞ ጢም ያወጣ ጎልማሳ ነው። ስሙን ብትጠይቅ ደላላው አዎ እኔ ነኝ ይላል፣ ምን ከለከለው? ጠይባ ባልዲዋን ጥላ መጥታ ተንበረከከች። «የሚጠራትን ድምፁን አሰሚኝ!» አለች። «ስልኩን ወደ እሱ ዘርጊው በያት! አፍታ ድምፁን ልስማ፣ አውቀዋለሁ፣ እኔ ነኝ የወለድኩት!» ብርሀንነሽ ነገረቻት፣ ስልኩንም በጠይባ ጆሮ ላይ ለጠፈችው። ሽቦው አጭር ነውና ሁለቱ ሴቶች ጉንጭ ለጉንጭ ተጣብቀው ወደ እሳቱ ጎነበሱ። ያኔ ነው ከምድጃው ጎን የሆነ ነገር ጠቅ ያለው። የተቃጠለ ላስቲክ የመሰለ ሽታ መጣ። ቀይዋ መብራት ቦግ ብላ እንደ ምንም በራችና ጥፍት አለች፣ ስልኩም ተከተላት።

እቴቴ ጣሳ እንደያዙ መሀል ቤት ቆሙ። ብርሀንነሽ ስልኩን ነጥቃ ጫነችው፣ አራገፈችው፣ ሽቦውን ነቅላ ሰካችው፣ ቆርቆሮው ላይ ውሃ ከለበሰችበት፤ ሞቷል። ዓለም በሙሉ ከዚያች ከአንዲት መንገድ ጋር ጥላት ጠፍታለች። ጠይባ እንደተንበረከከች ቀርታለች፣ እጇን ጆሮዋ ላይ እንደያዘች፣ ስልኩ ከሄደም በኋላ። ፊቷ ላይ ምንም አይነበብም። «ሰማሽው?» አለች ብርሀንነሽ። «ጠይባ! ተናግሮ ነበር? እሱ ነው? የሃሩን ድምፅ ነው? እናትሽ ትሙት ተናገሪ!» ትከሻዋን ይዛ ነቀነቀቻት። እቴቴም «አንቺ ሴት፣ አፍሽን ክፈቺ!» ብለው ጮኹ፤ ጣሳው ከእጃቸው ወድቆ ተንከባለለ።

«እሱ ነው። ግቢ እህቴ፣ ቶሎ ግቢ ነው ያላት» አለች ጠይባ። እንባዋ በጉንጯ ላይ ወረደ፣ አልጠረገችውም። «አሳለው። ሲናገር አሳለው። ጉንፋን ይዞታል ልጄን። ሃሩኔን ጉንፋን ይዞታል፣ በዚያ ሁሉ ሐሩር አገር ምን አግኝቶት ነው?»